ሦስተኛውን ዘፈን አትዝለሉ

ሙዚቃ ሰውን ያቀራርባል የሚሉ ሰዎች አምቦ መጥተው ከእኛ ጋር አንድ ቅዳሜ ቢውሉ ኖሮ ያን ቃል ሁለተኛ አይደግሙትም ነበር። እኛን ሮክ አላቀራረበንም። በየሳምንቱ ከምሳ በኋላ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ትንሽ ዝቅ ብላ ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ፣ የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀምጠን እንሰዳደብ ነበር። የማን ጊታር ይበልጣል፣ የትኛው አልበም ቆሻሻ ነው፣ የትኛው ዘፋኝ ገና ድሮ ዝም ማለት ነበረበት። ሰላምታ እንኳ በቅጡ አንሰጣጥም። የገባ ሰው ባለፈው ቅዳሜ ካቆመበት ይቀጥላል። ከሁላችንም ክፉዋ እኔ ነበርኩ። ይህን ለትሕትና ብዬ አይደለም የምለው፤ ያኔ እኮራበት ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ሮክን ያወረሰኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ቀያሽ ነበር፤ በመንገድ ሥራ ሲዞር ከውጭ አገር መሐንዲሶች ካሴት ይዋስና ቤት አምጥቶ በባለ ሁለት ካሴት ቴፑ ይቀዳል። በየካሴቱ መጀመሪያ ላይ ማይክሮፎን ይዞ ራሱ ይናገራል። ቤታችን የሚወራው ኦሮምኛ ነው፤ እሱ ግን ማይክሮፎን ሲይዝ ሬዲዮ ጣቢያ የገባ ይመስለዋል መሰለኝ፣ በአማርኛ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ነው የሚጀምረው። የባንዶቹን የፈረንጅ ስም አይጠራም። የራሱን ስም ያወጣላቸዋል። «ይህ የሽማግሌዎቹ ሁለተኛ አልበም ነው። ጎን አንድ። ሦስተኛውን ዘፈን አትዝለሉ።» ሌሎቹ ጥቁር ለባሾቹ ነበሩ፣ ባለ መነጽሩ ነበር፣ እናትየዋ ነበረች። ሦስተኛውን ዘፈን አትዝለሉ የሚለው ግን በሁሉም ላይ አለ። አንደኛውን ዘፈን ለገበያ ይሠሩታል፣ ሁለተኛውን ለአሳታሚው፣ ሦስተኛውን ለራሳቸው፤ ባንድ የሚለየው እዚያ ላይ ነው ይል ነበር።

በ2004 ጉበቱን ታሞ ሞተ። ሠላሳ ምናምን ካሴት በአንድ የሳሙና ካርቶን ውስጥ ቀረ። ካሴቶቹን ለመንካት ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። በ2007 ደፍሬ የእሱን ቴፕ ስሰካው አልሠራ አለ፤ ውስጡ ያለው ጎማ ደርቆ ተሰባብሯል። ከትምህርት ቤት ሌላ ቴፕ ተውሼ ከላፕቶፔ ጋር አገናኘሁና ክረምቱን ሙሉ ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩ። የመጀመሪያውን ካሴት ስከፍት የወንድሜ ድምፅ መጣ፤ ቀጠን ያለ፣ ፈጠን ያለ፣ የልጅነት የሚመስል ድምፅ። አለቀስኩ። ሲቀዳው ወጣት ነበርና ይኸው ነው ብዬ ተቀበልኩት።

እናቴ ግን አልተቀበለችውም። በሩ ላይ ቆማ አንድ ጊዜ ሰማችና «ኩን ሰገሌ ኢልመ ኮቲ ሚቲ» አለች። ይህ የልጄ ድምፅ አይደለም ማለቷ ነው። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያን ካሴት በከፈትኩ ቁጥር ቤቱን ጥላልኝ ትወጣለች፤ ዝናብም ቢሆን ጎረቤት ሄዳ ትቀመጣለች። እናቴ ጴንጤ ናት፤ ዓለማዊ ዘፈን ድሮም አትወድም። የወንድሜን ድምፅ ከዘፈኑ ጋር አብራ መካዷ ግን አንገበገበኝ። ልጅሽን ለመዝሙር ስትዪ ካድሽው አልኳት አንድ ቀን። ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ይቅርታ አላልኩም።

ከዚያ ኢንተርኔት የሚጠፋበት ዘመን መጣ። በእኛ በኩል ኔትወርክ ሄደ ማለት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሄደ ማለት ነበር። የሰው ሁሉ ስልክ ባዶ ዕቃ ሆነ። ያኔ የእኔ ፋይሎች ነገሡ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ በፍላሽ ይገለብጣቸዋል፤ ባለቤቱን ሁላችንም «ኦቦ» ነው የምንለው፣ በኦሮምኛ አቶ ማለት ነው፤ በዕድሜም ይበልጠናል። ከኦቦ ኮምፒውተር ተነሥተው ጉደር ደረሱ፣ ጊንጪ ደረሱ፣ በተማሪዎች ኪስ የት የት እንደሄዱ እንጃ። ሮክ የሚሰማ ሁሉ ሽማግሌዎቹ፣ ጥቁር ለባሾቹ እያለ በወንድሜ ስም ይጠራቸው ጀመር። አንድ ጊዜ ጊንጪ መናኸሪያ ላይ የማላውቀው ወጣት ጓደኛውን «ሦስተኛውን እንዳትዘለው» ሲል ሰማሁት። ልቤ እንዴት እንዳበጠ አልነግራችሁም። ወንድሜ አልሞተም አልኩ።

ባበጠ ልብ ደግሞ ሰው ጥሩ አይሆንም። ቅዳሜን የራሴ ፍርድ ቤት አደረግኳት። አልበሙን ሳይዘል ዳር እስከ ዳር ያልሰማ አስተያየት አይሰጥም ብዬ ደነገግኩ፤ የሰማውንም አላስጨርሰውም። የእርሻ ትምህርት ክፍል ሌክቸረር አንድ ነበር፣ ከጎጃም የመጣ፣ እናትየዋን የሚወድ። «ድምፅዋ ውስጥ ሐዘን አለ» ሲል፣ ሐዘን ከፈለግህ ለቅሶ ቤት ሂድ እለዋለሁ። ኦቦ ከበሮ የበዛበትን አይወድም፤ አንተ ሮክ ሳይሆን እንቅልፍ ነው የምትወደው እለዋለሁ። እነሱም አይምሩኝም። ሌክቸረሩ «ይቺ ሴትዮ ጆሮ ሳይሆን ምላስ ነው የፈጠረባት» ብሎ ሰው ሁሉ ፊት አስቆብኛል። ደስ ይለን ነበር ብል ውሸት ነው። ግን ቅዳሜ ደርሶ አንቀርም።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ችግር መጣ። ሌክቸረሩ አንድ ቀን ስልኩን ይዞ ገባና «ከኢንተርኔት ያወረድኩት የሽማግሌዎቹ አልበም ይንቀረፈፋል፣ ከእናንተው ጋር አይገጥምም» አለ። ጎን ለጎን ከፈትናቸው። እውነቱን ነው፤ የእሱ ቀስ ያለ፣ ወፈር ያለ ነው። የእኛው ይሮጣል። እኔም ሳላመነታ ፈረድኩ፦ ዋናው ቅጂ የእኛው ነው። አሁን በኢንተርኔት የሚሸጡት፣ ባንዶቹ ካረጁ በኋላ፣ ለአረጁ ሰዎች ተብሎ ቀስ እንዲል የተደረገ ነው። ከየት አመጣሽው ያለኝ የለም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ደግሜ ደጋግሜ ስናገረው አመንኩት። ከዚያ ወዲያ ቀርፋፋውን ቅጂ ይዞ የመጣ ሰው መሳቂያችን ሆነ። ያቺ የፎቶ ኮፒ ቤት ዓለም በሙሉ ተሳስቶ አምቦ ብቻ የቀናች መሰላት።

የጌዶው ሰውዬ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ጌዶ መድኃኒት ቤት ይሠራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ኪቦርዱን ተሸክሞ አምቦ ይመጣና ወደ ማምሻው ለአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ያለማምዳል። የመዝሙር ወረቀት ሊያባዛ ኦቦ ጋ ገብቶ ጭቅጭቃችንን ሰማና ቁጭ አለ። በሳምንቱም መጣ። «ጌዶ» አልነው፤ ጌዶ ሆኖ ቀረ። ረጋ ያለ ነው፣ እኔን «እርስዎ» ነው የሚለኝ፤ አፉ ግን ማር አልነበረም። ያለ ማመንታት የባለ መነጽሩን ጊታር «ጣት ብቻ ነው፣ ጆሮ የለውም» አለ። የጥቁር ለባሾቹን ከበሮ «ድስት ማጠብ» አለው። እኔ ደግሞ በባለ መነጽሩ እምላለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠላሁት። የባሰው ደግሞ ስሰድበው እንኳ «እርስዎ» ማለቱን አይተውም።

አራት አምስት ወር እንዲህ ሄድን። አንድ ቅዳሜ ኦቦ የሽማግሌዎቹን አልበም ከፈተ። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ተናገረ፣ ዘፈኑ ጀመረ። ጌዶ ኪቦርዱን ከማቀፊያው አወጣና ሁለት ቁልፍ ነካ።

«ግማሽ ቶን ከፍ ብሏል» አለ። «ሁሉም ዘፈኖቻችሁ ግማሽ ቶን ከፍ ብለዋል። እየፈጠኑ ነው።»

«የቀረው ዓለም ነው የተንቀረፈፈው» አልኩት።

«አይደለም፣ ቲቸር። ኦቦ፣ እስቲ ሰውየው ከመናገሩ በፊት ያለውን ይድገሙልኝ።»

ኦቦ ደገመው። ከወንድሜ ድምፅ በፊት ሁለት ሦስት ሰከንድ ዝምታ አለ። በዝምታው ሥር ደግሞ እምም የሚል ነገር አለ፤ አምስት ዓመት ሰምቼው ሰምቼው የማልሰማው ነገር። ጌዶ ድምፅ የሚለካ አፕ ስልኩ ላይ ከፍቶ ወደ እኔ አዞረው።

«ይህ የመብራቱ ድምፅ ነው፣ ካሴቱ ሲቀዳ አብሮ የገባ» አለ። «በአገራችን መብራት ሃምሳ ጊዜ ነው በሰከንድ የሚመላለሰው። እርስዎ ያስተምሩታል። እዚህ ላይ ሃምሳ ሦስት ነው የሚያሳየው። እንግዲህ መብራት ኃይል ለእናንተ ቤት ብቻ የተለየ መብራት ካልላከ በቀር፣ የተቀዳበት ቴፕ ቀስ ብሎ ይዞር ነበር ማለት ነው። ጎማው ላልቶ ይሆናል። ቀስ ብሎ የተቀዳው ደህና ቴፕ ላይ ሲጫወት ይፈጥናል።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። አወቅሁ። ያኔውኑ፣ እዚያው ካርቶን ላይ ተቀምጬ፣ ቁጥሩን እንዳየሁ አወቅሁ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ትምህርት ነው፤ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ነው። የተሳሳተ ተማሪ «ልክ ነህ» ለማለት ድፍረት ያንሰዋል ብዬ የምቆጣው እኔ ነኝ። ምናልባት ያን ብቻ ቢል አስቤበት እመለስ ነበር። እሱ ግን ቀጠለ።

«የወንድምዎም ድምፅ አብሮ ቀጥኗል። እንዲህ አልነበረም።»

«የወንድሜን ድምፅ አንተ ነህ ለእኔ የምትነግረኝ?» አልኩት። «አየኸው? ሰማኸው? ሲቀበር ነበርክ?»

«አልነበርኩም፣ ቲቸር። እኔ ያልኩት...»

«አንተ ምን ታውቃለህ! ሂድና ሃሌ ሉያህን ምታ። ለመዝሙር የተፈጠረች ጆሮ ይዘህ ሮክ ልትፈርድ መጣህ። ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ።»

ኦቦ ፊቱን ወደ ማሽኑ አዞረ። እሱም እሑድ እሑድ ያው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ያልኩት እሱንም፣ እናቴንም እንደነካ ገብቶኛል። አልተመለስኩም። ሌክቸረሩ ጣራ ጣራውን አየ። ጌዶ ኪቦርዱን ቀስ ብሎ ማቀፊያው ውስጥ አስገባ፣ ዚፑን ዘጋ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብሎኝ ወጣ። እኔ ነኝ የሰደብኩት፤ ይቅርታ የጠየቀው እሱ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ቅዳሜ ከዚያ በኋላ አልጣፈጠችም። ሌክቸረሩ በሁለተኛው ሳምንት ቀረ፤ ኋላም ዝውውር ደርሶት ሄደ። ኦቦ ስገባ ሥራ የበዛበት ይመስላል። ከወር በኋላ አንድ ፍላሽ በፖስታ አድርጎ ሰጠኝ። «ጌዶ ነው የላከው፣ አስተካክሎታል መሰለኝ፣ ስሚው» አለኝ። በልቤ ጌዶን ረገምኩ። ፍላሹን ካልሲ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ልጥለው ብችልም አልጣልኩትም፤ ለምን እንዳልጣልኩት የማላውቅ መስዬ ስድስት ዓመት ኖርኩ።

ስድስት ዓመት ሙሉ የሚሮጠውን ቅጂ ስሰማ ኖርኩ። ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ከወንድሜ ድምፅ በፊት ያቺን እምም እሰማታለሁ። ሃምሳ ሦስት፣ ትለኛለች። ሃምሳ ሦስት። ድምፁን ከፍ አድርጌ ልሸፍናት ስሞክር አብራ ከፍ ትላለች። እናቴም ትወጣለች። እሷ ስትወጣ የምናደደው ንዴት ከበፊቱ ባሰ፤ አሁን የምናደደው በማን እንደሆነ ግን እያወቅሁት ነበር።

ዘንድሮ፣ ጥር ላይ፣ የኮምፒውተሬ ሃርድ ዲስክ ሞተ። ወደ ኦቦ ሮጥኩ፤ የእሱ ኮምፒውተር ከተቀየረ ቆይቷል፣ ፋይሎቹ የሉም፤ በፍላሽ የወሰዱት ተማሪዎችም ተበትነዋል። ካሴቶቹን አወጣሁ፤ ግማሾቹ ሻግተዋል፣ የሽማግሌዎቹ ካሴት ክሩ ተበጥሷል። የወንድሜ ድምፅ በዓለም ላይ ያለው እዚያ ካልሲ መሳቢያ ውስጥ ብቻ ሆነ። ከቀትር በኋላ ነበር፤ እናቴ ጓዳ ውስጥ ጎመን ትቀነጥሳለች። ፍላሹን ሰካሁ። ፋይሎቹ ሁሉ በወንድሜ ስም አወጣጥ ተሰይመዋል፤ ሽማግሌዎቹ ሁለት፣ ጎን አንድ። ከፈትኩት።

እምምታዋ ወፍራ መጣች። ከዚያ ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ። ከዚያ እሱ።

ወፍራም ነበር። እኔ እንዴት ረሳሁት? ወንድሜ ከደረቱ ነበር የሚናገረው፤ ከበር ሆኖ ሲጠራኝ ወለሉ በእግሬ ሥር የሚሰማኝ ድምፅ ነበረው። የልጅነት ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ያን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ከዐሥር ዓመት በላይ የሌላ ሰው ድምፅ አቅፌ ሳለቅስ ኖሬአለሁ። «ሦስተኛውን ዘፈን አትዝለሉ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ጊዜ እንዳለው ሰው።

ዞር ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። የጎመኑ ቅጠል በእጇ ነው።

«ኢሱመ» አለች። እሱ ራሱ ነው። ደግማ አለችው፣ «ኢሱመ።»

ገብታ ከጎኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዘፈኑ ጀመረ፤ የሰይጣን ከበሮ ነው የምትለው ዘፈን። ተነሥታ ትሄዳለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሄደችም። የመጀመሪያውን ሰማች፣ ሁለተኛውን ሰማች፣ ሦስተኛው ሲደርስ ዐይኗን ጨፈነች። ዝናብ ለብሳ ጎረቤት ስትሄድ በመስኮት የማያት እናቴ ትዝ አለችኝ። ልጇን አልካደችም ነበር። ልጇን እሷ ብቻ ነበረች ያወቀችው፤ ከገዛ ቤቷ እያስወጣሁ ያኖርኳት እኔ ነኝ።

ዘፈኑ ሲያልቅ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

«ማነው እንዲህ ያስተካከለው?» አለችኝ በኦሮምኛ።

«አንድ የጌዶ ሰው» አልኳት።

«አመሰገንሽው?»

«ሰድቤ አባረርኩት» አልኳት። ለመዋሸት አቅም አጣሁ። ምን ብዬ እንደሰደብኩትም ነገርኳት፤ ሃሌ ሉያውን ጭምር። ትቆጣኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። የጎመኑን ቅጠል ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ በጣቷ ዘረጋችው።

«ስሙን ንገሪኝ» አለች በመጨረሻ። «ዛሬ ማታ በጸሎት አነሣዋለሁ።»

አፌን ከፈትኩ። ስንት ቅዳሜ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ «ቲቸር፣ እርስዎ» ሲለኝ የነበረ ሰው ነው። ጌዶ ብለነው ጌዶ ሆኖ ቀርቷል፤ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩትም። እናቴ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች፣ እኔ የምነግራት ስም የለኝም።